ሁለተኛ ክፍል ገብተህ አዳምጥ

«ልጄ በመስከረም አንደኛ ክፍል ይገባል» አለኝ ወዳጄ። «በሠፈራችን ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። አንዱ ደረጃ 3፣ ሌላው ደረጃ 2 ነው። በስድስተኛ ክፍል ፈተናም ባለ 3ቱ ብዙ አሳልፏል ይላሉ። ወደዚያው ልውሰደው?»

«ደረጃው መነሻ ይሆንሃል፤ ግን ምን እንደሚለካ እወቅ። ደረጃውን የሚሰጠው የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን ግብዓትን፣ ሂደትንና ውጤትን መዝኖ ይደምራል። ቤተ መጻሕፍቱም፣ ሽንት ቤቱም፣ የመምህሩ የማስተማር ዘዴም አንድ ቁጥር ውስጥ ይገባሉ። አንዱ በግቢው፣ ሌላው በመምህራኑ ተመሳሳይ ደረጃ ሊያገኙ ይችላሉ።»

«የፈተናው ውጤትስ?»

«አስጠኚ የተቀጠረለት፣ ማታ ደብተሩን የሚያይለት ወላጅ ያለው ልጅ የበዛበት ትምህርት ቤት ብልጫ ማግኘቱ አይቀርም። ያንን የመምህር ሥራ ብለህ አትቁጠረው።»

«ምገባውስ?»

«አያበላልጣቸውም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ቁርስና ምሳቸውን እዚያው ይበላሉ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ከተማው ይሰጣቸዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የተራበ ልጅ ምን ይገባዋል? ለምርጫህ ግን አይረዳህም።»

«እና ምን ልይ?»

«ርዕሰ መምህሩን አስፈቅደህ ሁለተኛ ክፍል ግባ። ከኋላ ዴስክ ተቀመጥና አጠገብህ ያለውን ልጅ ከአማርኛ መጽሐፉ እንዲያነብልህ ጠይቀው። ጥርት አድርጎ ቢወጣው ቶሎ አትደሰት። ጣትህን ገጹ መሐል አንዲት ቃል ላይ አድርገህ ‹ይቺስ ምን ትላለች?› በለው። ወዲያው ካነበባት ፊደል ለይቷል። ከመጀመሪያው መስመር ተነስቶ እየወረደ ከደረሰባት ግን ምንባቡን በቃሉ ነው የያዘው። ጎበዞቹ ብዙ ጊዜ ከፊት ስለሚቀመጡ ነው ኋላ ሂድ የምልህ።»

«ማንበብ የማይችል የሁለተኛ ክፍል ልጅ ያን ያህል አለ?»

«በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፤ እኔ ግን አሁንም አይቼ ነው የማምነው። ያላነበበ ልጅ ከፍ ሲል ሒሳቡም ሳይንሱም ያመልጠዋል። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ምን መሰለህ? ፈተና አለ ተብሎ ጠንካራው መምህር ለስድስተኛ ክፍል ይሰጥና አንደኛ ክፍል ለተገኘው ይተዋል። ሁለቱንም ርዕሳነ መምህራን ‹አንደኛ ክፍል የሚያስተምረው ማነው? ስንት ዓመት አስተማረ?› ብለህ ጠይቃቸው። አንዱ ያለማመንታት ስም ጠርቶ ከነገረህ፣ እኔ ብሆን ደረጃ 2ም ቢሆን ልጄን ለእሱ ነው የምሰጠው።»

«ባለ 3ቱ እኮ አስፋልት ያሻግራል።»

«ንባቡ እኩል ከሆነ እንግዲያው ቅርቡን ያዝ። ብቻ ሰኔ ሳይገባ ሂድ፤ ፈተና ከጀመሩ ክፍል አያስገቡህም።»