ሰርዶን አጠጥተው የሚገድሉት

በአትላንታና በዙሪያዋ የምትኖሩ ወገኖቼ ይቅር በሉኝና፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሣር ነው። ገጣሞቻችን ከባሕር ማዶ ሆነው ስለሚያለቅሱለት፣ ስለዚያ ጤዛ ስለማይለየው የአገር ቤት መስክ ግን አይደለም። በየደጃፋችን ስላለው፣ በየምሽቱ እያጠጣን ስለምንገድለው ሣር ነው።

ስሙን ታውቁታላችሁ? በመደብሩ ከረጢት ላይ «ቤርሙዳ» ተብሎ ተጽፏል። አምና በበጋ ሊጠይቁን ከጎጃም የመጡት አጎቴ ግን ደጃፌ ላይ ጎንበስ አሉና አንዲት ሐረግ በጣታቸው እያፍተለተሉ፣ «ልጄ፣ ይህ ሰርዶ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ከጤፍ ማሳቸው ሲነቅሉት፣ ሥሩን አራግፈው በፀሐይ ሲያደርቁት ዕድሜያቸውን የፈጁበትን አረም እኔ ገንዘብ ከፍዬ ማስተከሌን ስነግራቸው ዝም ብለው አዩኝ። ቆይተውም «ታዲያ ምን ጎደለው ብለህ ታጠጣዋለህ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

አጎቴ አልተሳሳቱም። የዕፅዋት ሊቃውንት ሲኖዶን ዳክቲሎን የሚሉት ይኸው የኛው ሰርዶ ነው። በጆርጂያዋ በቲፍተን ከተማ ግሌን በርተን የተባለው የሣር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው «ቲፍዌይ» የተሰኘው ዝርያም ሰርዶና ደቡብ አፍሪካዊ ዘመዱ የወለዱት ዲቃላ ነው። መካን ነው፤ ዘር አይሰጥም። ስለዚህም ተጠቅልሎ ይሸጣል፣ እንደ ምንጣፍ።

ክሴም ከዚህ ላይ ይጀምራል። ተጠቅልሎ ስለመጣልን ምንጣፍ መሰለን። ከምንጣፍ የሚጠበቀው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም ነው።

አትላንታ በዓመት ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። በሐምሌ አየሩ ራሱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል። በእንዲህ ያለ ምሽት ውኃ የሚረጭ ሰው ቅጠሉን ሌሊቱን ሙሉ አርጥቦ ያሳድረዋል፤ ፈንገስም ከዚህ የተሻለ ድግስ አይሻም። ክብ ክብ ሆኖ ሣሩ ሲገረጣ ታዲያ ባለቤቱ «ውኃ ጠማው» ይልና ይጨምርለታል! ለሰርዶ ዝናቡ ተቆጥሮለት በሳምንት 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ይበቃዋል። እሱም በንጋት፣ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ፣ ያ ቀይ የሸክላ አፈር ቀስ ብሎ እስኪጠጣው ድረስ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚቀምስ ሥር ወደ ታች የሚወርድበት ምክንያት የለውም፤ ከላይ ይንሳፈፋል፤ በመጀመሪያው የድርቅ ሳምንትም ይጠወልጋል። አብልተን አስንፈነዋል ማለት ነው።

የክረምቱ ነገር የባሰ ነው። ውርጭ ሲነካው ሰርዶ እንደ ገለባ ይሆናል፤ አንቀላፋ እንጂ አልሞተም። እኛ ግን እንቅልፉን እንደ ነውር ቆጥረን በመኸር ራይግራስ እንዘራበታለን፤ ሊነቃ በሚዳዳው ወራት ያ እንግዳ ብርሃኑንና ውኃውን ይሻማዋል። በየካቲት ማዳበሪያ የሚበትኑም አሉ። ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ የቀረበውን ማዕድ የሚበላው አረሙ ነው። ናይትሮጅን የሚሰጠው ሣሩ ሙሉ በሙሉ ከለመለመ በኋላ ነው። ዋርካ በሚያህል ዛፍ ጥላ ሥር ለሚተክሉትማ ምን ልበል? ሰርዶ የፀሐይ ልጅ ነው።

ባንድ ወቅት የሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር በጥር ወር ሣሬ «እንደሞተ» በደብዳቤ አስታወቀኝ፤ ቀነ ገደብም ቆረጠልኝ። ተኝቷል ብዬ ጻፍሁ፤ አልተሰማሁም። ቅጣቴን ከፈልሁ። በፈረንጆቹ ሚያዝያ ሣሩ ተነሣ፤ ገንዘቤ ግን አልተነሣም።

አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው እኮ እሷ አልፋ እሱ እንደሚቀር አውቃ፣ በቅናት ነው። እንግዲህ ተረት የተተረተለትን፣ ከአህያም ከገበሬም የተረፈውን ሣር በጥቂት ዓመታት ውስጥ አጠጥቶ መግደል የሚቻል መሆኑን ያስመሰከርነው እኛ ነን።

«ነቅለህ ጎመን ትከል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ጎመን እወዳለሁ፤ ከቤቱ ጀርባም ተክያለሁ። ነገር ግን ተዳፋት ላይ ያለ ራቁት አፈር በአንድ ነጎድጓዳማ ከሰዓት በኋላ ቀይ ጎርፍ ሆኖ ወደ ቦዩ ሲወርድ አይቻለሁ። ያን አፈር ጨብጦ ለመያዝ ከሰርዶ የሚሻል አላገኘሁም። ጠቤ ከሣሩ ጋር አይደለም።

ጠቤ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በከፊል ከእናንተ ከገጣሞቹ ጋር ነው። ቋንቋችን ጓሳ፣ ሙጃ፣ አክርማ፣ ሰንበሌጥ፣ ቄጠማ፣ ሰርዶ እያለ እያንዳንዱን በስሙ ሲጠራ፣ የናፍቆት ግጥሞቻችን «ሣሩ» ብለው ያልፋሉ። ሐዘኑ አለ፤ የታዘነለት ሣር ግን የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ስሙን የማያውቅ ሰው ደጃፉ ላይ ቢያገኘውም አይለየውም፤ እኔም አጎቴ እስኪመጡ አልለየሁትም፤ ስምንት ዓመት ረግጬዋለሁ።

ዘንድሮ የውኃ መርጫዬን ሰዓት ከምሽት ወደ ንጋት 11 ሰዓት አዛውሬዋለሁ፤ ዝናብ በጣለበት ሳምንት ጨርሶ አልከፍተውም። ማጨጃዬንም ከፍ አድርጌዋለሁ፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሢሶ በላይ አልቆርጥም። የጎረቤቴ መርጫ ግን፣ ይህን ስጽፍ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጠስ ጠስ እያለ ይሰማኛል።