የእናት ስንቅ እስከ መቼ ያደርሳል?

በዲምቱ ከተማና በአካባቢዋ ዛሬ ኮሮና የተባለው በሽታ ስሙ ሲነሣ የሚደነግጥ ሰው ጥቂት ነው። በሽታው በአገራችን መገኘቱ ከተነገረበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ. ም. ወዲህ ብዙ ነገር አልፎአል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ. ም. አንሥቶታል። ነገር ግን የተነሣው አዋጁ ነው እንጂ ተሐዋሲው አልጠፋም። ነፍሰ ጡሮችን በሚመለከት ረገድም ሁለት የተሳሳቱ አሳቦች ትቶልን አልፎአል።

የመጀመሪያው፣ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ በሽታው ከያዛት ልጅዋ ተበክሎ ይወለዳልና ከእቅፏም ከጡቷም ይራቅ የሚል ነው። ሁለተኛው በተማሩት ዘንድ የሚነገር ሲሆን፣ እናት አንድ ጊዜ ከታመመች ልጅዋ ተከትቦ እንደ ተወለደ ይቆጠራልና ሌላ ጥንቃቄ አያሻውም ይላል። ፊተኛው ፈጽሞ ስሕተት ነው። ኋለኛው ግን እኩሌታው እውነት ስለ ሆነ ይበልጥ አሳሳች ነው፤ ብዙውን ቃሌንም የማውለው በእርሱ ላይ ነው።

ሰው ተሐዋሲ ባጠቃው ጊዜ በደሙ ውስጥ ልዩ ልዩ ተከላካዮች ይዘጋጃሉ። ቀድሞ የሚደርሰው ሊቃውንት «ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤም» የሚሉት ነው፤ ግዙፍ በመሆኑ የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ አይገባም። ዘግይቶ የሚመጣውን «ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ» ግን የእንግዴ ልጁ ራሱ እየተቀበለ ለጽንሱ ያስተላልፈዋል። (ባሕር ማዶ ስንማር ይህ ስም ለማናችንም ምላስ አልቀለለንም ነበርና ከእንግዲህ ስንቅ እለዋለሁ።) ስንቁ በአራተኛው ወር ግድም በጥቂቱ መተላለፍ ይጀምርና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት እጅግ ይበረታል። ስለዚህ ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ስንቁ ጎዶሎ ነው። ኮሮና በነፍሰ ጡር ላይ ሲጸና ደግሞ ያለ ቀን መውለድን እንደሚያበዛ ታውቋል። እንግዲህ ስንቁን ያስቋጠረው በሽታ ራሱ ስልቻው ሳይሞላ መንገደኛውን ያስነሣዋል ማለት ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በአሜሪካ አገር፣ በፊላዴልፊያ ከተማ፣ 1,471 እናቶችና አራስ ልጆቻቸው ደማቸው ተመርምሮ ነበር። ከእናቶቹ 83ቱ በበሽታው ተይዘው እንደ ነበር ደማቸው መሰከረ። ከነዚህም የ72ቱ ልጆች ስንቁን ይዘው ተወልደዋል፤ 11ዱ ግን አልያዙም። ከ11ዱ እናቶች አንዳንዶቹ ገና ቀዳሚው ተከላካይ ብቻ የነበራቸው፣ የቀሩትም ስንቃቸው ያነሰ ነበር። ከመታመም እስከ መውለድ ያለው ጊዜ በረዘመ መጠን ለልጁ የሚደርሰው ይበዛል። ከልጆቹም በአንዱ እንኳ ቀዳሚው ተከላካይ አልተገኘም፤ ይኸውም በደማቸው የተገኘው ከእናት የተላለፈ እንጂ እነርሱ ራሳቸው ታመው ያፈሩት አለመሆኑን ያመለክታል።

ይህን ሰምቶ መደሰት ተገቢ ነው። ዳሩ ግን የእናት ስንቅ የብድር ገንዘብ ነው፤ ሕፃኑ ራሱ አላፈራውምና በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በቦስተን ከተማ ተመርምሮ በ2022 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በእርግዝና ጊዜ ከታመሙት እናቶች ልጆች በስድስተኛው ወር ስንቁ የተገኘበት ከ12ቱ 1 ብቻ ሲሆን፣ ከተከተቡት እናቶች ልጆች ግን ከ28ቱ በ16ቱ ተገኝቷል። ቍጥሩ ትንሽ መሆኑን አልክድም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡሮችን ክትባቱ ከሚገባቸው ወገኖች ጋር ስለሚያስቀምጥ፣ እናት ታማ ከምታገኘው ስንቅ ተከትባ የምታገኘው ይሻላል ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። በሽታው ስንቁን የሚሸጠው በእናቲቱ ሕይወት ዋጋ ነውና።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ለነፍሰ ጡሮች የምንሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በዚሁ መንገድ አራሱን ልጅ ይጠብቀዋል፤ ኢትዮጵያም በ2009 ዓ. ም. የእናቶችንና የአራስ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ ማስወገዷ ተረጋግጦላታል። የኵፍኝ ክትባት እስከ ዘጠነኛው ወር የሚቈየውም የእናት ስንቅ ገና ሳያልቅ ቢሰጥ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው። አስተዋይ አንባቢ ከዚህ የስንቁን ኀይልም ዕድሜም ያነባል።

ስለ ፊተኛው አሳብ ጥቂት ልበል። እናት ብትታመም እንኳ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ እጇን በሳሙና ታጥባ ታጥባ፣ ልጅዋን ታጥባው። እንገሩ እንዳይደፋ። በጡት ወተት ውስጥም ሌላ ዓይነት ተከላካይ አለና ልጁን ከጡት መለየት የቀረውን ስንቅ መንጠቅ ነው። ይልቁንስ መራቅ የሚገባው፣ እያሳለ አራስ ሊጠይቅ ገብቶ ሕፃኑን የሚስመው እንግዳ ነው። አራስ ጠያቂን በደጅ መመለስ በባህላችን ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ክልከላው ከአራሷ አፍ ሳይሆን ከባልዋ ወይም ከአማትዋ ቢወጣ ይቀልላል።

መምህራንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ከተማሪዎቻችሁ ብዙዎቹ በቤታቸው ነፍሰ ጡር ወይም አራስ አለች። «እናቱ ኮሮና አሟት ነበርና ልጁ ክትባት አያስፈልገውም» የሚል ወሬ ሲደርሳችሁ፣ ያ ስንቅ ለኮሮና ብቻ መሆኑንና ለትክትክም ለልጅነት ልምሻም እንደማይሆን ንገሩልን። ሕፃኑ በተወለደ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ካርዱን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ፤ ቀኑ ያለፈበትም ቢሆን አፍሮ ከቤት አይቅር፣ ካቆመበት እንቀጥልለታለን።