የመብራት ሒሳብ በአከራይና በተከራይ መካከል

በባሕር ዳር ከተማ በአንድ ግቢ ውስጥ አራትና አምስት ቤተ ሰብ ተጠግቶ መኖሩ የተለመደ ነገር ነው። የባለቤቱ ቤት ከፊት ለፊት ይቆማል፤ ሰርቪስ ቤቶቹም በጓሮ በኩል ተሰልፈው ለተማሪ፣ ለመምህር፣ ለፋብሪካ ሠራተኛና ለቀን ሠራተኛ ይከራያሉ። በሩ ለየብቻ ነው፤ የመብራቱ ቆጣሪ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ወሩ ሲያልቅ ሒሳቡ በባለቤቱ ስም ይመጣል፤ «የእናንተ ድርሻ ይህን ያህል ነው» የሚለው ቃል ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ሲዞር፣ ቅሬታና ጥርጣሬም አብረውት ይዞራሉ። በዚህ ወር ለክርስቲያን ቤተ ሰቦች ልናሳስብ የወደድነው ስለዚሁ ነገር ነው።

ባሕር ዳር ለኤሌክትሪክ ባዕድ አይደለችም። በዓባይ ፏፏቴ አጠገብ 11.4 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራውን የጀመረው በ1956 ዓ.ም. ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣናን ውሃ በዋሻ አሳልፎ 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታነጸው የጣና በለስ ጣቢያ ተመረቀ። ይሁን እንጂ ኃይሉ በደጃችን መመንጨቱ በግቢው ውስጥ ያለውን የሒሳብ ክርክር አላስቀረውም።

ክርክሩ ሁልጊዜ ከአከራዩ ስስት የሚነሣ አይደለም። የመብራት ዋጋ የሚተመነው በደረጃ ነው፤ ብዙ የሚጠቀም ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ይላል። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ በተፈጸመው ማሻሻያ መጨረሻ፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ዋጋው 0.2730 ብር ሲሆን፣ ከ101 እስከ 200 ላለው ግን 1.6250 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሌላ ማሻሻያ ተጀምሮ ዋጋው ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛ ዋጋ ይክፈል የሚለው ሥርዓት ግን አልተለወጠም።

እንግዲህ በዚያን ጊዜው ዋጋ አንድ ምሳሌ እናስላ። እያንዳንዳቸው በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ አምስት ቤተ ሰቦች ለየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ፣ የአገልግሎት ክፍያው ሳይቆጠር፣ ሁሉም ባንድነት የሚከፍሉት 54 ብር ከ60 ሳንቲም ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን ፍጆታው 200 ይሆናል፤ ከ100 በላይ ያለው ብቻ እንኳ 162 ብር ከ50 ሳንቲም ያስከፍላል። ለድሃው የተተወው ዝቅተኛ ዋጋ ለድሃው ሳይደርስ በቆጣሪው ላይ ቀረ ማለት ነው። አከራዩ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር እንኳ ተከራዩ ይጎዳል፤ በዚህ ላይ ትርፍ የጨመረበት እንደሆነ ጉዳቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

ሒሳቡን በበር ቁጥር እኩል ማካፈልም ፍርድ የሚመስል ፍርደ ገምድልነት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት እንጀራ የሚጋገርበት 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በአራት ሳምንት 28 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 10 ዋት አምፑል ግን በየማታው ስድስት ሰዓት ቢበራ እንኳ በወር 1.8 ብቻ ነው። በአንዲት አምፑል የሚያጠና ተማሪና ምጣድ፣ ማቀዝቀዣና ካውያ ያለው ቤት እኩል ይክፈሉ ማለት፣ አንዱ የበላውን ሌላው እንዲከፍል ማድረግ ነው።

ከዘጌ ቡናውን ይዞ ወደ ገበያ የሚመጣ ገበሬ ሚዛኑ በፊቱ ቆሞ ያያል፤ ከተጠራጠረም «እስቲ ድገመው» ይላል። ተከራይ ግን ሚዛኑን ሳያይ ዋጋውን ይከፍላል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 ትልቅና ትንሽ ሁለት ዓይነት መመዘኛ በከረጢት መያዝን ይከለክላል። ቆጣሪም የዘመናችን ሚዛን ነውና፣ ትእዛዙ ወደ ግቢያችንም እንደሚደርስ አንጠራጠር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የኢነርጂ አዋጅም ኤሌክትሪክን መሸጥ ፈቃድ የሚያሻው ሥራ መሆኑን ይደነግጋል። አከራይ የቤት ኪራይ ይቀበላል እንጂ የመብራት ነጋዴ አይደለም፤ ከተከራዩ የሚቀበለው የመብራት ገንዘብ ያለ ትርፍ ወደ አከፋፋዩ መሥሪያ ቤት የሚያልፍ አደራ ነው።

ስለዚህ ለቤት ባለቤቶች ይህን እንመክራለን። አንደኛ፣ የመብራት ሒሳቡ አከፋፈል ቤቱ ከመከራየቱ በፊት ተነግሮ በውሉ ይጻፍ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ የቃል ስምምነት ይረሳል፣ ጽሑፍ ግን ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ በየወሩ የመጣው ደረሰኝ ለተከራዮች ሁሉ ይታይ። ሦስተኛ፣ አቅም ያለው ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለየቤቱ ቆጣሪ ይጠይቅ፤ ይህ ካልተቻለ በባለሙያ እጅ ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ያስገባ። በዚህም ጊዜ ጠቅላላው ሒሳብ ለጠቅላላው ፍጆታ ተካፍሎ፣ እያንዳንዱ በቆጠረው ልክ ይክፈል እንጂ በከፍተኛው ዋጋ አይታሰብበት። ንዑስ ቆጣሪም ከሌለ በበር ብዛት ሳይሆን በዕቃው ዓይነት ይታሰብ፤ ምጣድ ያለው ለምጣዱ፣ አምፑል ብቻ ያለው ለአምፑሉ። አራተኛ፣ ኪራይ ለማስጨመር ወይም ተከራይን ለማስለቀቅ ሲባል መብራት ከቶ አይቆረጥ። በዚያ ጨለማ ውስጥ የምትቀመጠው አራስ ወይም የሚያጠና ልጅ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ተከራዮችም ግዴታ አለባችሁ። ምጣድ እንደሌላችሁ ተናግራችሁ በሌሊት በስውር መጋገር ከጎረቤት መስረቅ ነው። ሒሳቡ በደረሰ ጊዜ ሳታዘገዩ ክፈሉ፤ ባለቤቲቱ በዚያች ኪራይ ብቻ የምትተዳደር ባልቴት ልትሆን ትችላለችና ዕዳው በእርስዋ ላይ እንዳይከመር ተጠንቀቁ። ጥርጣሬ ባደረባችሁ ጊዜ በጓሮ ከማማት ይልቅ በትሕትና «እማማ፣ ደረሰኙን ቢያሳዩን» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች በአንድ የውሃ ቧንቧ ይቀዳሉ፤ በሐዘንና በደስታ አብረው ይቀመጣሉ፤ እሑድም ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። በጥቂት ብር የመብራት ሒሳብ ተቀያይመው ሰላምታ የተነፋፈጉ ጎረቤቶች እንዴት ሆነው በቅዳሴው ጊዜ እርስ በርሳቸው ሰላምታ ይሰጣጣሉ? ደረሰኙን በግልጽ ማሳየት የሚወስደው ጊዜ ትንሽ ነው፤ የሚያተርፈው ፍቅር ግን ብዙ ነው። የሰላም አምላክ ግቢያችንን በሰላም፣ ሚዛናችንንም በእውነት ይጠብቅልን።