መንገዱም ይሠራ፤ ረግረጉም ይኑር

ርዕሰ አንቀጽ

በዚህ በያዝነው የትምህርት ወራት በመኝታ ቤቶችና በምግብ አዳራሹ አንድ ክርክር ሲመላለስ ሰምተናል። አንደኛው ወገን፥ «አገር የሚያድገው በመንገድ ነው፤ ለእንቁራሪትና ለሣር ሲባል አውራ ጎዳና ይጠመዘዛልን?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «መንገድ የነካው ሁሉ ይጠፋል» ብሎ ነገሩን በጅምላ ይኰንናል። ሁለቱም ወገኖች ተማሪዎች ናቸውና ጩኸታቸው ከማስረጃቸው በልጧል። ይህ ጋዜጣ ከሁለቱም ጋር አይስማማም። የማይስማማበትንም ምክንያት በሩቅ አገር በተፈጸመ፥ ነገር ግን ለእኛ ትምህርት በሚሆን በአንድ እውነተኛ ታሪክ ለማስረዳት ይወዳል።

በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ አውጉስቱፍ የምትባል ከተማ አለች። ከዋርሶ ተነሥቶ ወደ ሊትዋኒያ፥ ወደ ላትቪያና ወደ ኤስቶኒያ የሚዘልቀው፥ «ቪያ ባልቲካ» የሚባለው ታላቅ የንግድ መንገድ በዚህች ከተማ መካከል ያልፍ ነበር። ከባድ የጭነት መኪናዎች ሌሊትና ቀን ሳይሉ በሰው ደጅ ይመላለሳሉ፤ መንገድ ለማቋረጥ የወጣ ሰው በሰላም መመለሱ ያጠራጥር ነበር። ስለዚህ የከተማው ሕዝብ ከከተማው ውጭ የሚዞር መንገድ እንዲሠራለት መጠየቁ ቅንጦት አልነበረም። የሕይወት ጥያቄ ነበረ።

መንግሥትም ጥያቄውን ተቀብሎ መስመር ቀየሰ። ነገር ግን የተቀየሰው መስመር የሮስፑዳን ወንዝ ሸለቆ የሚያቋርጥ ሆነ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ድልድይ በረግረጉ ላይ ሊዘረጋ ታሰበ። ይህ ሸለቆ የአውሮፓ ኅብረት «ናቱራ 2000» ብሎ ከሚጠራቸው የተጠበቁ ሥፍራዎች አንዱ ነው። በፖላንድ ምድር በሌላ ሥፍራ የማይገኝ አንድ የኦርኪድ ዓይነት የሚበቅለውም በዚሁ ረግረግ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ፥ «ረግረግ ማለት ጭቃ አይደለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ወንድም ይኖራል። አይደለም። የሮስፑዳ ረግረግ የተሠራው በውሃ ተሸፍነው ሳይበሰብሱ ከተከማቹ የዕፅዋት ቅሪቶች ነው። እንዲህ ያለው ክምችት በዓመት የሚያድገው አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፥ የአንድ ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ሺህ ዓመት ያህል ያስፈልጋል። የከርሰ ምድር ውሃ ከሸለቆው ግራና ቀኝ እየመነጨ፥ በዚህ ክምችት ውስጥ ቀስ ብሎ እየሰረገ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከባድ ነገር ሲጫነው ክምችቱ ይታመቃል፤ የውሃው መተላለፊያም ይዘጋል። ከላይ ሲያዩት ድልድዩ ጥቂት ምሰሶ ብቻ ያቆመ ይመስላል፤ ከታች ግን የውሃው ሥርዓት ይናጋል። ከዚህም በላይ፥ እንዲህ ያሉ ሥፍራዎች ከዓለም የብስ ከመቶ 3 ያህሉን ብቻ ሲሸፍኑ፥ በውስጣቸው ያመቁት ካርቦን የዓለም ደኖች ሁሉ ከያዙት ይበልጣል። ረግረጉ ሲደርቅ ይህ ካርቦን ወደ አየር ይለቀቃል።

የመንገዱ ሹማምንት ለዚህ የሰጡት መልስ፥ በሌላ ቦታ ዛፍ ተክለን ጉዳቱን እናካክሳለን የሚል ነበር። ዛፍ መትከል መልካም ነው። ግን ሺህ ዓመታት የፈጀን ረግረግ በችግኝ እተካለሁ ማለት፥ ላሙን አርዶ ለባለቤቱ ዶሮ እንደ መስጠት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የካቲት ወር ሥራው እንዲጀመር ፈቃድ ተሰጠ። ወጣቶች በዚያ በብርቱ ክረምት፥ በበረዶ ላይ ድንኳን ተክለው ሸለቆውን ለመጠበቅ ሰፈሩ። ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው መስመሩ እንዲለወጥ በፊርማው ጠየቀ። የአውሮፓ ኮሚሲዮንም በዚያው ዓመት ፖላንድን በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2008 ደግሞ የገዛ አገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ለመንገዱ የተሰጠው የአካባቢ ፈቃድ ከሕግ ውጭ መሆኑን ወሰነ።

አንባቢያችን ግን የታሪኩን ሌላ ገጽ እንዳይዘነጋ እናሳስባለን። የአውጉስቱፍ ሰዎች፥ «ከሰው ሕይወት አበባ ይበልጣልን?» ብለው ቢቈጡ ማን ይፈርድባቸዋል? በ2007 በክፍለ ሀገሩ በተደረገው የሕዝብ ድምፅ፥ ለመምረጥ ከመጡት ሰዎች እጅግ የሚበዙት የመጀመሪያውን መስመር ደግፈው ነበር። ውጤቱ ያልጸደቀው የመራጩ ቍጥር ሕጉ ከሚጠይቀው በማነሱ ነው። እነዚህ ሰዎች የተፈጥሮ ጠላቶች አልነበሩም። አንድ መስመር ብቻ አሳይተዋቸው፥ «ወይ ይህ፥ ወይ ምንም» ስላሏቸው፥ እነርሱም ያገኙትን ያዙ።

እውነቱ ግን ሌላ መንገድ ነበረ! ራችኪ በተባለች መንደር በኩል ዞሮ የሮስፑዳን ወንዝ ሸለቆው በሚጠብበትና በእርሻ በተለመደ ሥፍራ የሚሻገር መስመር እንዳለ የረግረጉ ተቈርቋሪዎች ካርታ ዘርግተው አሳይተው ነበር። በ2008 ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። በ2009 መጋቢት ወር መንግሥቱ የራችኪን መስመር መረጠ። በ2014 ኅዳር ወር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው አዲሱ መንገድ ተከፈተ። የጭነት መኪናው ከአውጉስቱፍ ወጣ፤ ረግረጉም በቦታው ቀረ።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? አንደኛ፥ «መንገድ ወይስ ረግረግ?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የተሳሳተ መሆኑን ነው። ትክክለኛው ጥያቄ፥ «መንገዱ በየት በኩል ይለፍ?» የሚል ነው። ሁለተኛ፥ ጥያቄው የሚጠየቀው በካርታው ላይ መስመሩ በእርሳስ ሳለ ነው እንጂ፥ ውል ተፈርሞ ዶዘር ከተነሣ በኋላ አይደለም። በፖላንድ ጥያቄው ዘግይቶ ስለተጠየቀ፥ ሕዝቡ ፈቃዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ከሰባት ዓመት በላይ በጭነት መኪና መካከል ተቀምጦ ጠበቀ። የዚህ ዕዳ ተጠያቂው አንድ መስመር ብቻ ይዞ የቀረበው ነው፤ ረግረጉ አይደለም።

ይህ ነገር እኛን አይመለከትም የሚል ቢኖር፥ ወደ ሐረማያ ይመልከት። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው ያ ሐይቅ በፈረንጆች 2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደረቀ። ያደረቀው መንገድ አይደለም፤ ከልክ ያለፈ የውሃ መሳብና ከተራቈተው ተዳፋት የወረደ አፈር ነው። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ መታየቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በአጠገቡ ስመ ጥር የእርሻ ትምህርት ቤት እያለ መድረቁ፥ ዕውቀት በጎረቤት መኖሩ ብቻውን ውሃን እንደማያድን ያስተምረናል። በሕግም በኩል ቢሆን፥ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 299 ታላላቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት እንዲመረመርና የሕዝቡ አስተያየት እንዲሰማ ደንግጓል። አዋጅ ግን የሚሠራው የሚያነብበውና የሚጠይቅበት ሰው ሲኖር ነው።

ስለዚህ የምህንድስና ተማሪዎች የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች! ነገ ካርታው ከፊታችሁ ሲዘረጋ ከአንድ መስመር በላይ ሥሩ፤ የእያንዳንዱንም ዋጋ ሳትደብቁ ጻፉ። የሥነ ሕይወት ተማሪዎች! ረግረጉን የምታውቁት እናንተ ናችሁና ዕውቀታችሁን ለመሐንዲሱ በጊዜ አድርሱለት፤ ድልድዩ ከቆመ በኋላ የሚጻፍ ሐተታ ሙሾ እንጂ ምክር አይባልም። የሕግ ተማሪዎችም አዋጁን ከመጽሐፍ መደርደሪያው አውርዱት። ሁላችንም ደግሞ፥ ደጁ በጭነት መኪና የሚናወጠውን ሰው ሳንረሳ እንከራከር። የእርሱን ሕመም ያላሰበ ተቈርቋሪ፥ ሣሩን ቢያድን እንኳ ሰውን አላከበረም።

መንገድ ሲጣመም ጥቂት ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ ይህም በገንዘብ ይተመናል። በሺህ ዓመት የተጠራቀመውን ረግረግ ግን በገንዘብ መልሶ የሚገዛ የለም። ክርክሩ በመኝታ ቤት ይቀጥል፤ ከእንግዲህ ግን ካርታ ይዘን እንቅረብ።