«ፍም ሆኗል፤ አሁን ምንም አይልም»

ብርዱ ከገባ ወዲህ ሰው ሁሉ ከሰል እየገዛ ነው። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ወዳጆቼ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ እያያችሁ ትነሳላችሁ፤ አዲስ አበባ ያለነውንም ማታ ማታ ጋቢ አልበቃን ብሏል። በዚህ ወቅት በየዓመቱ አንድ ዓይነት ወሬ ይመጣል። ተከራዮች ማታ በራቸውን ዘግተው ተኙ፣ ረፋድ ላይ በሩ ተሰበረ፣ መሃል ቤት የከሰል ምድጃ ተገኘ። ወሬው ሁሌ የሚያልቀው ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ምን ይደረግ፣ ቀናቸው ደርሶ ነው።»

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይሄን ዓረፍተ ነገር መስማት ሰልችቶኛል። የዘጋነው መስኮት የኛ ነው፤ ለፈጣሪ አናሸክመው።

ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ። ካርቦን በቂ ኦክስጅን አግኝቶ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ኦክስጅን ሲያንሰው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ለፈተና ሸምድዳችሁት ነበር፣ ብዙዎቻችሁም አግኝታችሁታል። ያቺ ቀመር ግን የፈተና ጥያቄ ብቻ አልነበረችም፤ መኝታ ቤታችሁ ውስጥ ያለው ምድጃ ናት። ስለዚህ ዛሬ በየሰፈሩ ከምሰማቸው ክርክሮች ጋር አንድ በአንድ ልሟገት።

«ውጪ አቀጣጥዬ ፍም ሲሆን ነው የማስገባው፤ ጭሱ አልቋል።»

ትልቁ ውሸት ይሄ ነው። ጭሱ አለቀ ማለት መርዙ አለቀ ማለት አይደለም፤ ማስጠንቀቂያው አለቀ ማለት ነው። ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ በር ያስከፍታል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጉሮሮ አይከረክርም። ቀይ ሆኖ የሚያበራው ያማረ ፍም ሳያቋርጥ ያመነጨዋል። አንዳንዴ ፍሙ ላይ ሰማያዊ ነበልባል ሲጫወት አይታችሁ ይሆናል። እሱ ራሱ ጋዙ ሲነድ ነው። ያልነደደው ደግሞ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ይባስ ብለን እስኪነጋ እንዲቆይልን ፍሙን አመድ እናለብሰዋለን። አየር ከለከልነው ማለት እኮ ነው! ለካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያስፈልገውን ሁሉ በገዛ እጃችን አመቻቸንለት።

«ጨው ነስንሼበታለሁ» ወይም «አጠገቡ ውሃ አስቀምጫለሁ።»

ጨው ካርቦን ሞኖክሳይድን አይነካውም። ውሃም አይውጠውም፤ ጋዙ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በጣም በትንሹ ነው። «ጋዙ ከባድ ስለሆነ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፣ እኛ አልጋ ላይ ነን» የሚሉም አሉ። ከአየር ጋር እኩል ለማለት ጥቂት የቀረው፣ እንዲያውም ትንሽ የሚቀል ጋዝ ነው። በክፍሉ ሙሉ ይደባለቃል። አልጋ አያድንም፣ ቆጥም አያድንም።

«አያቶቻችን በዚሁ ነው ያደጉት፤ ምን ሆኑ?»

የአያቶቻችን ቤት ጣሪያው ሣር ነበር፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ። ቀዳዳው ብዙ ስለነበር ቤቱ ራሱ ይተነፍስ ነበር። ለዚያም ቢሆን ጭሱ ስንቱን እናት ዓይኗን አጥፍቶ ደረቷን ጎድቶ እንደኖረ እናውቃለን። የዛሬው ቤት ግን ብሎኬት ነው፣ ልስን ነው፣ ኮርኒስ ነው፣ ግጥም ያለ የብረት በር ነው። ከበሩ ሥር ያለችውንም ክፍተት በጨርቅ እንወትፋታለን። የአያትን ምድጃ የልጅ ልጅ ቤት ውስጥ አስገብቶ «ድሮም እንዲሁ ነበር» ማለት አያስኬድም። ደግሞም «ምን ሆኑ?» ብላችሁ የምትጠይቁት የተረፉትን ነው። የሞቱት መጥተው አይመሰክሩም።

አሁን ሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ደማችን ኦክስጅን የሚያጓጉዘው በሄሞግሎቢን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ያንኑ ቦታ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጥንካሬ ይይዘዋል። ሰውየው ይተነፍሳል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግን ኦክስጅን ወደ አንጎሉ የሚደርሰው እያነሰ ይሄዳል። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር። ከመጀመሪያውም የምንስበው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ሰው ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ይሄ ሲጨመር አስቡት።

«ካመመኝ ነቅቼ በር እከፍታለሁ» የሚለውም ከንቱ ነው። መጀመሪያ የሚደክመው እግር ነው፤ መጀመሪያ የሚደናገረው ማሰቢያው ነው። በሩ ሥር ወድቀው የሚገኙ ሰዎች እኮ በሩን ፈልገውት ነበር። ቁልፉን ማዞር ነው ያቃታቸው።

ይሄ የድሃና ያልተማረ ሰው ሞት ነው የሚል ካለ ደግሞ ታላቁን ፈረንሳዊ ደራሲ ኤሚል ዞላን ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1902 ፓሪስ ቤቱ ውስጥ፣ የመኝታ ክፍሉ የከሰል እሳት ጭስ ማውጫው ተደፍኖ፣ ሌሊቱን በዚሁ ጋዝ ሞተ። ሚስቱ በመከራ ተረፈች። ገንዘብ ነበረው፣ ዕውቀት ነበረው፣ አሽከር ነበረው። ጋዙ ግን ማንነትህን አይጠይቅም።

ደቡብ ኮሪያዎችም ይሄን መከራ አይተውታል። ከጦርነቱ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቤታቸውን የሚያሞቁት ወለሉ ሥር በሚነድ የተጠፈጠፈ የድንጋይ ከሰል ነበር። ወለል ሲሰነጠቅ ጋዙ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ በየክረምቱም ቤተሰብ ያልቃል። እኛ ወተት እንደምንለው እነሱም የአትክልት ጎምዛዛ ውሃ ያጠጡ ነበር። የገላገላቸው ግን ያ ውሃ አይደለም። ከሰሉን ከመኝታ ቤት ያስወጣ ሌላ ማሞቂያ ነው።

ስለ ወተት ካነሳን፦ ወተት፣ ሎሚ፣ ሽንኩርት ማሽተት፣ ፊት ላይ ውሃ መርጨት... አንዱም ጋዙን ከደም አያስወጣም። የሚያስወጣው ኦክስጅን ነው። ንጹሕ አየር ላይ ብቻ ሲሆን የጋዙ ግማሽ እንኳ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት በንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። እናንተ ወተት ስታፈሉ የሚያልፈው ደቂቃ የሰውየው አንጎል ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ከሰል ካለና አንዳች ነገር ከተሰማችሁ ራሳችሁን እንዲህ ጠይቁ። ራስ ምታቱ፣ ማዞሩ፣ ማቅለሽለሹ የአንድ ሰው ነው ወይስ የሁላችንም? ትኩሳት አለ ወይስ የለም? ውጪ ስንወጣ ይሻለናል፣ ስንገባ ይመለሳል? ሁላችሁንም ካመመ፣ ትኩሳት ከሌለ፣ ውጪ ከተሻላችሁ ጉንፋን አይደለም። «ምሳ ላይ የበላነው ነው» እያላችሁ አትከራከሩ። መጀመሪያ ሰው ይውጣ፤ ክርክሩ ደጅ ይደርሳል። ሐኪም ቤት ስትደርሱ «ከሰል ነበር» በሉ። ጣት ላይ የምትደረገዋ መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ስለማትለይ «98 ነው፣ ደህና ነህ» ልትል ትችላለች። በእሷ ተማምናችሁ አትመለሱ።

ሦስት ቦታ በተለይ ያንገበግበኛል። አንዱ አራስ ቤት ነው። አራሷን ብርድ እንዳይመታት ተብሎ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከሰሉ አልጋዋ ሥር ይጠጋል፣ ቡናው እዚያው ይፈላል። እናቶቼ፣ በፍቅር እንደምታደርጉት አውቃለሁ። ግን ያቺ የአሥር ቀን ሕፃን «ራሴን አመመኝ» ብላ አትነግራችሁም። ለነፍሰ ጡርም ያው ነው፤ የጽንስ ደም ጋዙን ከእናቱ ደም ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። ሁለተኛው የጥበቃ ቤት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ንብረታችንን የሚጠብቅልንን ሽማግሌ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከፍም ጋር ዘግተን «እግዜር ይስጥልን ጋሼ» ብለን እንገባለን። ለሕንፃው እምነ በረድ የከፈለ ባለሀብት ለዘበኛው አንዲት መስኮት ይነሳዋል እንዴ?

ሦስተኛው የተከራይ ክፍል ነው፤ እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። «ድሃው ምን ያድርግ?» የምትሉኝ አላችሁ፣ እውነታችሁን ነው። አንድ የድሮ ተማሪዬ የጻፈልኝን ልንገራችሁ። አከራዩ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከልክሎታል፣ ቆጣሪ ይበላል ብሎ። ክፍሉ አንድ በር እንጂ መስኮት የለውም። ከሰል ግን ተፈቅዷል! እንግዲህ ይሄ ልጅ አንድ ነገር ቢሆን «በቸልተኝነቱ» ልንል ነው? ሰው መኖሪያ ብሎ መስኮት የሌለው ክፍል እያከራየ፣ መብራት እየከለከለ፣ ከሰል የሚፈቅድ አከራይ ነገ ለቅሶ ላይ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣ ማየት አልፈልግም። መብራት ጠፍቶ ከሰል የምናነድበትንም ሌሊት የሚቆጥር ያስፈልጋል። ምክሩን ለድሃው፣ ዝምታውን ለባለቤቱ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ውጭ አገር ያላችሁም «እኛ ጋ ይሄ የለም» አትበሉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በረዶ ወርዶ መብራት ሲጠፋ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ከነዚህ ውስጥ ሙቀት ፍለጋ በዚሁ ጋዝ የሞቱ ነበሩ፤ የኛም ሰዎች አሉበት። ማሞቂያው እምቢ ሲል የውጭ መጥበሻውን ከሰል ወደ ሳሎን አታስገቡ። ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስታችሁ አትሙቁ፣ በሩ ክፍት ቢሆንም። ጄኔሬተር ከቤት ርቆ ደጅ ይሁን። ማሞቂያው ከመነሳቱ በፊት በረዶ የጭስ መውጫውን እንዳልደፈነው እዩ። በባትሪ የሚሠራውን ማንቂያም ግዙ፤ ከአንድ ምሳ ግብዣ አይበልጥም።

ለኛ ለዚህ አገሮቹ ደግሞ እንዲህ ነው። ከሰል ካስፈለገ በርና መስኮት ከፍታችሁ፣ ነቅታችሁ ሳላችሁ ተጠቀሙ። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ከቤት ይውጣ። ወደ ኮሪደር አይደለም፣ ወደ ጓዳ አይደለም፤ ደጅ! «መስኮት ገርበብ አድርጌ እተኛለሁ» የሚለውም አያስተማምንም። ሌሊቱን ውሃ አሙቃችሁ በደንብ የሚከደን ዕቃ ውስጥ ጨምራችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ሁለት ብርድ ልብስ። ይበርዳል፣ አውቃለሁ። የሚበርደው ሰው ግን ጠዋት ይነሳል።

ይሄን ጽሑፍ ለእኔ «ጎበዝ ቲቸር» ብላችሁ እንድታልፉት አይደለም የጻፍኩት። ዛሬ ማታ አንድ ሰው ጋ ደውሉ። ለአራስ ጠያቂዋ አክስት፣ ለዘበኛው፣ ለብቻው ለተከራየው ወንድማችሁ። ቤት የምታከራዩ ካላችሁ ደግሞ ግድግዳው ላይ መስኮት አውጡ። ለአንድ መስኮት የሚሆን ብሎኬት ማንሳት ሬሳ ከማንሳት ይቀላል።