«አንድ ማንኪያ ምን ያደርጋል?»

ሰሞኑን ኪሎ ስለ መቀነስ የማይመክር ሰው የለም። ራዲዮ ብትከፍቱ፣ ታክሲ ብትሳፈሩ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ብትቀመጡ አንድ መካሪ አይጠፋም። ምክሩም ዞሮ ዞሮ ያው ነው፤ «ቁርጠኝነት ይጠይቃል!» ጣፋጭ ሲያምርህ እምቢ በል፣ ራስህን ግዛ፣ ሆድህን አትስማ። ካልቻልክ ግን… ካልቻልክማ ያው ሆዳም ነህ፤ ቦርጭህም የእጅህ ሥራ ነው። እኔም ኪሎ ለመቀነስ ከሚታገሉት አንዱ ስለሆንኩ ይህን ምክር በየቀኑ እሰማዋለሁ። አልስማማበትም። አለመስማማት ብቻ አይደለም፣ ያናድደኛል።

እስቲ ይታያችሁ፤ ቁርጠኝነት የለህም የሚባለው ማን ነው? ከዓመቱ ግማሽ የሚሆነውን ቀን ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ሳይነካ የሚያሳልፍ ሕዝብ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይል ሥራውን የሚሠራ፣ በረመዳን ከንጋት እስከ ማታ ጠብታ ውሃ ሳይጎነጭ መርካቶ ውስጥ ሸክም ሲሸከም የሚውል ሕዝብ። ሁዳዴን ሙሉ አይብ ሳትቀምስ የጨረሰች ሴት ከሰዓት በኋላ ያለ ሦስት ማንኪያ ስኳር ሻይ አልወርድላት ሲል «ፈቃዷ ደካማ ነው» ልትሏት ነው? ትንሽ አታፍሩም?

ፈቃዷ የትም አልሄደም። ልዩነቱ ሌላ ነው። ሁዳዴ ሲገባ የሰፈሩ ሥጋ ቤት ይዘጋል። ምግብ ቤቱ የጾም ምግብ ያወጣል። እናት ቅቤ የነካውን ድስት ለይታ ታስቀምጣለች። ማንም ሰው «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ጥብስ» ብሎ አይለምንህም፤ ቢለምንህ ነውረኛው እሱ ነው። የሚጾመው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ቤቱም፣ መንገዱም፣ ገበያውም አብሮ ይጾማል። አምሮትህን የምትችለው ዓይንህ ስለማያየው፣ አፍንጫህ ስለማይሸተው፣ ዘመድህ ስለማይጎተጉትህ ጭምር ነው።

ስኳር ላይ ግን ብቻህን ነህ። እንዲያውም ስኳር የጾም ነው! በሁዳዴ መሀል ኬክ ቤቱ «የጾም ኬክ አለን» ብሎ ይለጥፋል፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር። የረመዳን ማፍጠሪያ ላይም ቴምሩ ይበቃ የነበረውን፣ ከጎኑ በስኳር የተመታ ጭማቂ በጆግ ይደረደራል። ከሥጋ የጾመው ሰው ከስኳር እጥፍ አድርጎ ይገባል። ታዲያ ፋሲካ ሲደርስ «ጾሜ ኪሎ ጨመርኩ» ብሎ ሲገረም ሰምታችሁ አታውቁም? እኔ ስንቴ ሰምቻለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ሰው ቤት እንግባ። ተቀምጣችኋል፣ ሻይ ቀርቧል። «ለእኔ ያለ ስኳር» በሉ እስቲ። ቤቱ ጸጥ ይላል። «ምነው? ስኳር አለብህ እንዴ?» ይቺ ጥያቄ ሁልጊዜ ታስቀኛለች። አማርኛችን በሽታውንም የሚሟሟውንም በአንድ ስም ስለጠራቸው፣ ሰው ወይ ስኳር አለበት ወይ ስኳር ይወዳል፤ ሦስተኛ ዓይነት ሰው የለም። ሳይታመሙ መተው የሚባል ነገር አይገባንም። «የለብኝም» ስትሉ ሴትየዋ እፎይ ብላ «እንግዲያው አንድ ማንኪያ ምን ያደርጋል!» ትልና ታማስለዋለች። ሁለት ናት፤ የሷ አንድ ማንኪያ ሁልጊዜ ሁለት ናት። እምቢ ብትሉ ቅር ይላታል፤ ቤቷን የናቃችሁ፣ ድህነቷን ያያችሁባት ይመስላታል።

ይህ ሁሉ ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ክፋት ቢሆን ኖሮማ ነገሩ ቀላል ነበር።

ከሳችሁ ከታያችሁ ደግሞ ወዮላችሁ። በብዙ ትግል ስድስት ኪሎ የቀነሰ ወዳጅ አለኝ። በሳምንቱ ያየው ሁሉ ምን እንዳለው ልንገራችሁ፤ «ምን ነካህ? ታመህ ነበር እንዴ? ፊትህ ገርጥቷል!» «ወፍረሃል፣ አምሮብሃል» እንደ ምርቃት በሚነገርበት አገር መክሳት እንደ መርዶ ነው የሚቆጠረው። ምክንያት አለው፤ ረሃቡን ያየ ትውልድ አለ። ኤች.አይ.ቪ. ያስፈራንባቸው ዓመታትም ከሳ ያለን ሰው ሁሉ በጥርጣሬ እንድናይ አስተምረውናል። ይገባኛል። ሆኖም ያ ወዳጄ የሰው አፍ ሰልችቶት ማኪያቶውንና ኬኩን እንደገና ጀመረ። አሁን አምሮበታል ይባላል። ደም ግፊቱን የሚለካለት ሐኪም ግን አልተስማማም።

የጥያቄውን መልስ በቁጥር ላስቀምጠው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሳይቆለል፣ 4 ግራም ያህል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር፣ በማርና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለው ጭምር፣ በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዲያንስ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ መክሯል። 2000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው 5 በመቶው 25 ግራም፣ ማለትም ስድስት ማንኪያ ግድም ነው። አሁን አንድ ተራ የቢሮ ሰው ውሎ ተከተሉ። ጠዋት ቤት አንድ ሻይ፣ አራት ሰዓት ላይ ማኪያቶ፣ ከምሳ በኋላ ሻይ፣ አሥር ሰዓት ላይ ቡና፣ ማታ ሻይ። በሦስት በሦስት ማንኪያ አሥራ አምስት፤ 60 ግራም፤ 240 ካሎሪ። ከምሳው ጋር አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮላ ካለች ሌላ 30 ግራም ግድም ጨምሩ። ኬክና ቦምቦሊኖ ገና አልገቡም። ፈሳሽ ስኳር ደግሞ ክፋቱ ሆድን አያጠግብም፤ ኮላውን ስለጠጣ ብሎ እንጀራውን የሚቀንስ ሰው አይቼ አላውቅም።

ታዲያ ይህን ስኳር ማን ጨመረው? ሰውየው አይደለም! ሻይ ቤት ስትገቡ ስኳሩ ብርጭቆው ሥር ተኝቶ ነው የሚመጣው። ዘዴኛው ሰው ሳያማስል ከላይ ከላይ ይጠጣል፤ ዘዴ ሆኖ እዚህ ደርሰናል። ጁስ ቤት ገብታችሁ «ስፕሪስ» ብትሉ አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ጣፋጭ አልሆን ብሎ በላዩ ላይ ስኳር ይገለበጥበታል። «ስኳር አታድርጊበት» ስትሏት «አይጣፍጥም እኮ!» ትላችኋለች። ማንጎ! አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ተራ ስጠብቅ ያየሁትንም ልጨምር። ግድግዳው ላይ «ውፍረት ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያጋልጣል» የሚል ትልቅ ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ሥር፣ በደንብ ሥሩ፣ ለስላሳ የሞላ ማቀዝቀዣ ቆሟል። ቁርጠኝነት እንግዲህ እዚህ መሀል ቁሞ ይታገላል።

«ስኳር መውደድ ተፈጥሮ ነው» የሚሉም አሉ። ሕፃን ጣፋጭ ይወዳል፤ እውነት ነው። ሦስት ማንኪያ መጨመር ግን ተፈጥሮ አይደለም። በብዙ የገጠር አካባቢ ቡና የሚጠጣው በጨው ነው፤ ከፍ ሲል በቅቤ። ጣፋጭ ቢሉ ማር ነበር፤ እሱም ጠጅ ሆኖ ለድግስ ይቀርባል እንጂ በየቀኑ አምስቴ አይመጣም። በ1946 ዓ.ም. የኔዘርላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ ሸዋ፣ መተሐራና ፊንጫ ተከተሉት። ምላሳችን የተለወጠው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። የወረፋው ነገርም አለ። ስኳር ሲጠፋ «ለጤናችን ይበጃል» ያለ ሰው አጋጥሟችኋል? ሸማቾች በር ላይ ስኳር መጥቷል ከተባለ ሰልፉ መንገድ ይዘጋል፤ አምስት ኪሎ ያገኘ ሰው ዕጣ እንደወጣለት ነው። እጥረቱ ስኳርን ክብር ሰጠው። ክብር ያለውን ነገር ለእንግዳ መቆጠብ ደግሞ ነውር ነው።

አሁን ወደ መካሪዎቹ ልመለስ። «ችግሩ ያንተ ፈቃድ ነው፣ ስፖርት አለመሥራትህ ነው» የሚለውን ዜማ በደንብ ሲያቀነቅኑት የኖሩት እነማን እንደሆኑ ይታወቃል። በአሜሪካ የስኳር ኢንዱስትሪው የምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለሃርቫርድ ተመራማሪዎች ገንዘብ ከፍሎ፣ በልብ ሕመም ጉዳይ ስኳርን አቅልሎ ስብን የሚኮንን ጽሑፍ በ1967 እንዲወጣ አድርጓል። ክፍያው በጽሑፉ ላይ አልተገለጸም ነበር፤ ደብዳቤዎቹ ተገኝተው ነገሩ በአንድ የሕክምና መጽሔት የታተመው በ2016 ነው። በ2015 ደግሞ ኮካ ኮላ፣ ለውፍረት ዋናው ነገር የምትበላውና የምትጠጣው ሳይሆን አለመንቀሳቀስህ ነው የሚል የምሁራን ስብስብ በገንዘብ ሲደግፍ ተገኘ፤ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ስብስቡ በዚያው ዓመት ፈረሰ። የእኛ መካሪዎች ማንም አልከፈላቸውም፤ በነፃ ነው የሚያቀነቅኑላቸው።

ሻጮቹም አልቦዘኑም። «ማር ምንም አይልም» ይላሉ። ይላል! ማርም ስኳር ነው፤ ለዛና መዓዛ ቢኖረውም ኪሎ ላይ ዘመድ አያውቅም። በጣት የምታክል ጣፋጭ ኪኒን የሚነግዱም አሉ፤ ድርጅቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ስኳር አልባ ማጣፈጫዎችን ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ አትጠቀሙ ብሏል። «የሚያከሳ ሻይ» ስለሚሉት ባላወራ ይሻላል፤ መጸዳጃ ቤት ስለሚያመላልሳችሁ ሚዛኑ ለሁለት ቀን ይታለላል።

«እሺ፣ አምሮቱ ሲመጣስ?» ትሉኝ ይሆናል። ከልምዴም ከንባቤም የማውቀው ብዙ አይደለም። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው ጣፋጭ ያምረዋል። ጠዋት ባዶ ሆዱን ወጥቶ ምሳውን ያለፈው ሰው አሥር ሰዓት ላይ ኬክ ቤት ደጃፍ ላይ ራሱን ቢያገኘው አይገርምም፤ ሽሮውን፣ እንቁላሉን፣ ምስሩን በሰዓቱ የበላ ግን ያን ያህል አይንሰፈሰፍም። ሦስት ማንኪያ የለመደ ምላስ በአንድ ቀን ዜሮ ቢሉት ያምፃል፤ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ብትቀንሱለት ሳያውቀው ይለምዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤት የሌለ ብስኩት አይበላም። ግን እዚህም ላይ ተመልከቱ፤ ብስኩቱን የሚገዛው ማን ነው? ልጅ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ሚስት አለች፣ ባል አለ። ሰውየው ብቻውን ወስኖ ብስኩት ከቤት አይወጣም። ሥጋ ቤቱን የሚዘጋው ጿሚው አይደለም ያልኩትም ለዚሁ ነው።

አክስቴ ስኳር ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ክረምት ሐኪሞች የግራ እግሯን ሁለት ጣቶች ቆረጡ። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ሰው ጎርፎ ጠየቃት፤ ዕድሜ ይስጣቸው። አልጋዋ ሥር የነበረውን ቆጥሬዋለሁ፤ ሁለት ሳጥን ለስላሳ፣ አራት የታሸገ ጭማቂ፣ ሦስት ፓኮ ብስኩት። ሕመሟን የማያውቅ ጠያቂ አልነበረም፤ ሊጠይቁ የመጡት እሱኑ ነው። አንዷ ጎረቤት ኮላውን ከፍታ አፏ ድረስ አቀረበችላት፤ «እትዬ፣ በሞቴ ይቅመሱልኝ። ደክሞዎታል። አንድ ቀን ምን ያደርጋል?» አክስቴ ሰው ማስቀየም አትችልም። ቀመሰች። ይቺን ሴት ነው እንግዲህ ራዲዮው «ቁርጠኝነት» የሚላት። ማንን እምቢ ትበል? ደሟን የሚለካው መሣሪያ በማግሥቱ ያወጣውን ቁጥር ነርሷ ስታነብ ጎረቤቷ አልነበረችም።

እኔ የምለው፣ መካሪዎች ሆይ፣ ለትንሽ ጊዜ ከአክስቴ ላይ ውረዱላትና ምክራችሁን ወደ ሌላ አዙሩት። ለጠያቂው ንገሩ፤ ለበሽተኛ ሙቅ ሾርባ፣ አምቦ ውሃ፣ ካልሆነም ባዶ እጅ ይበቃል። ለእድሩ ንገሩ፤ ለቅሶ ቤት ከለስላሳው ጎን ውሃ ይቁም። ለአስተናጋጇ ባለቤት ንገሩ። ለጋባዧ ንገሩ፤ «ያለ ስኳር» ያለ እንግዳ ሐኪም ፊት እንደቀረበ ሰው አይመርመር፣ ዝም ተብሎ ይቀዳለት።

ሻይ ቤቶችንም አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ስኳሩን ብርጭቆው ውስጥ ሳይሆን ለብቻው፣ ከነማንኪያው፣ በትንሽ ሳህን አምጡልን። የፈለገ አራት ይጨምር። ሒሳቡን ያው አድርጉት።