መኖውን ማን አሰበው?

ሰሞኑን አንድ የሥራ ፈጠራ አሰልጣኝ በሬዲዮ ቀርበው በጓሮው መቶ የእንቁላል ዶሮ ማርባት ለሚፈልግ ቤተሰብ ገንዘብ ዋና ነገር እንዳልሆነ፣ ዋናው ቁርጠኝነትና የአስተሳሰብ ለውጥ እንደሆነ ሲያስረዱ ሰማሁ። ሂሳቡንም እዚያው ሠሩት፤ መቶ ዶሮ በቀን 95 እንቁላል ይሰጣል፣ በእንቁላል ዋጋ ይባዛል፣ በ365 ቀን ይባዛል። ጋዜጠኛው እያደነቀ ተቀበላቸው። ስለ መኖ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ይህን እኔ ሰው ማሳሳት እለዋለሁ።

የእንቁላል ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከወጪው ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው መኖ ነው። ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ የ45 ቀን ጫጩት ይገዛል። እንቁላል መጣል የምትጀምረው ግን አምስት ወር ገደማ ሲሞላት ነው። በመሀሉ ባሉት ሦስት ወራት መቶው ዶሮ አንድ እንቁላል ሳይሰጥ ወደ 7 ኩንታል መኖ ይጨርሳል። መጣል ከጀመሩ በኋላ ደግሞ እያንዳንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች፤ መቶው በወር 3.5 ኩንታል አካባቢ ማለት ነው። መኖው የሚሠራው ከበቆሎ፣ ከአኩሪ አተርና ከፋጉሎ ስለሆነ በቆሎ ሲወደድ እሱም አብሮ ይወደዳል። አሰልጣኙ ይህን አያውቁም ብዬ አላምንም።

ቡራዩ ያሉ አንዲት የማውቃቸው እናት እንዲህ ባለ ስልጠና ተነሳስተው ገቡበት። ዕቁብ ሲወጣላቸው ብሩን ለጫጩትና ለዶሮ ቤቱ አዋሉት። ዶሮዎቹ ገና አንድ እንቁላል ሳይጥሉ ገንዘቡ አለቀ። መኖውን በፉርሽካ እያበዙ፣ በጣሳ እየለኩ ማቃመስ ጀመሩ። ዶሮዎቹ ዘግይተው ጣሉ፤ የእንቁላሉም ቅርፊት ከመሳሳቱ የተነሳ ገና ሲያነሱት ጣታቸው ሥር ይሰበር ነበር። አሰልጣኙ እኚህን ሴት ቁርጠኝነት ጎድሎዎታል ሊሏቸው ነው? ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተው ሰጋቱራ የሚቀይሩ፣ ውኃ የሚያመላልሱ ሴት ናቸው። ያ ጉልበት በሬዲዮው ሂሳብ ውስጥ አንድ ሳንቲም እንኳ አልተያዘለትም።

ያም 95 እንቁላል ቢሆን ምርጥ ዝርያ፣ የተሟላ መኖና ጥሩ አያያዝ ሲገጥሙ፣ ምርቱ ጫፍ በደረሰባቸው ወራት የሚገኝ ነው እንጂ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ አይደለም። ፈንግልና ጉምቦሮ የሚባሉ የዶሮ በሽታዎችም አሉ። የክትባቱ ብልቃጥ አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ጥቂት ዶሮ ያለው ሰው የቀረውን ይደፋዋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ የጿሚው ቤት እንቁላል አይገዛም፤ ዶሮዋ ግን የዕለት መኖዋን አትቀንስም።

የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሃ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ በየጓሮው መግባቱን እደግፋለሁ፤ ልጆች እንቁላል ይብሉ። አምስትም አሥርም ዶሮ ግቢ ውስጥ እየለቃቀመ፣ የምግብ ትራፊ እየተጨመረለት ይኖራል። መቶ ዶሮ በብድር ወይም በዕቁብ ብር ገዝቶ ንግድ መክፈት ግን ፍጹም ሌላ ጉዳይ ነው። አሰልጣኞቹ ሁለቱን እያቀላቀሉ ድሃውን ያማልሉታል። እነሱ የስልጠና ክፍያቸውን የሚቀበሉት ገና ጫጩቱ ሳይገዛ ነው፤ ዶሮው ቢያልቅ የሚከስሩት ነገር የለም።

ከሦስቱ ወራት በላይ ለመዘግየትና ለጾም መጠባበቂያ ጨምሮ የአምስት ወር መኖ መግዣ በእጁ ያልያዘ ቤተሰብ ጫጩት አይግዛ። አሰልጣኙም በሚቀጥለው ፕሮግራማቸው ከእንቁላሉ በፊት የመኖውን ዋጋ ይናገሩ፣ በኩንታል፣ በወር፣ ዘንድሮ ገበያ ላይ ባለው ዋጋ። ያንን ሰምቶ መግባት የፈለገ ይግባ።